ያልጮኸው ቀኝ እጄ

«እንዴት ነህ?» ላለኝ ሰው እንዴት እንደሆንኩ ነግሬው አላውቅም። እናንተስ? በእኛ አገር በጎንደር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ መጀመሪያ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። የቤቱ ነገር የሚነሳው ሦስተኛው ሰላምታ ላይ ነው። እዚህ እስራኤል ግን ሦስተኛ ሰላምታ የሚባል ነገር የለም። ሐኪሙ አንዴ ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ቀጣዩን ይጠራል።

ቂርያት ጋት ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ መቀስ። ቀኝ እጄ መጀመሪያ ነዘረኝ፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ በኋላ መቀሱ እየወደቀ አስቸገረኝ። መናሄሉ፣ አለቃችን ማለቴ ነው፣ ስንፍና ነው ብሎ ፈረደ። የሐኪም ወረቀት ካላመጣህ ሥራህን ተሰናበት አለኝ። ሚስቴ ደግሞ ሦስተኛ ልጃችንን ልትወልድ ደርሳለች።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ «ማ ሽሎምኻ?» አለኝ፤ እንዴት ነህ ማለቱ ነው። ምን ልበለው? ሳላስበው «ባሩክ ሃሼም፣ ደህና!» አልኩት፤ ያው የእኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ጻፈ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ደህና ሆኜ ተመለስኩ። በአራተኛው ጨክኜ እጄን ብዘረጋለት ዶሴውን አገላብጦ በጥርጣሬ አየኝ። መቼም እዚያ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ አልነበረም! እንግዲያው ማሽኑ ይፍረድ ብሎ የነርቭ ምርመራ አዘዘልኝ።

የሚስቴ አጎት አያ ታከለ ብቻህን አትሄድም ብለው ተከተሉኝ። ሆስፒታል እስክንደርስ አውቶቡስ ውስጥ የመከሩኝ ስለ እጄ አይደለም፣ ስለ አፌ ነው። «ልጄ፣ ፈረንጅ ፊት እንዳትጮህ። ወንድ ልጅ ጥርሱን ነክሶ ይችላል።» እሳቸው መንጋጋ ጥርሳቸውን ያለ ማደንዘዣ በጉጠት አስነቅለው ትንፍሽ ያላሉ ሰው ናቸው። ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም፤ እኔ ራሴ አሥር ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

መርማሪዋ እንደኛው አዲስ ገቢ ናት፣ ከሩሲያ። አያምም፣ ትንሽ ንዝረት ብቻ ነው አለችኝ። ለመሆኑ አያምም የሚል ሐኪም እሱ ራሱ ተመርምሮ ያውቃል? ጣቴ ላይ ሽቦ አሰረች፣ ቁልፉን ተጫነች። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ምንም። ጨመረችው። ዝንብ ያረፈብኝ መሰለኝ። መርፌ አምጥታ አውራ ጣቴ ሥር ሰካችው፤ እሱንም ቻልኩት። አያ ታከለ ወንበራቸው ላይ ተኮፍሰው «የኛ ልጅ እኮ ነው!» አሏት፣ በአማርኛ። እኔም፣ ምን ይደበቃል፣ ኮራሁ።

ሴትዮዋ ግን ማሽኑን እያየች ፊቷ ጠቆረ። ለማወዳደር ደህናውን እጅህን ስጠኝ አለች። ግራዬን እንደ ጀግና ዘረጋሁላት። ያንኑ ቁልፍ፣ ያንኑ ያህል ተጫነች።

እናቴን ጠራሁ። እናቴ ጎንደር ናት፣ ሳትሰማኝ አልቀረችም። ኮሪደሩ ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሁለቱ ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አያ ታከለ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ሐኪሟ ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ጤነኛ እጅ እንዲህ ይጮሃል አለች። ቀኙ ዝም ያለው ነርቩ አንጓው ላይ ታፍኖ ነው፣ ከእንግዲህ መቀስ አይንካ፣ ሌላ ሥራ ይሰጠው ብላ ጻፈችልኝ። ለካስ ያ ሁሉ ጀግንነቴ በሽታዬ ኖሯል!

ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ፣ ሥራዬ ተረፈ ብዬ ደስ ብሎኝ አውቶቡስ ላይ ተቀመጥኩ። አያ ታከለ አልመከሩኝም። ከተማችን እስክንደርስ ጉንጫቸውን በጣታቸው ይነካካሉ። ልንወርድ ስንል ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ… የጥርስ ነርቭም እንዲሁ ይሞታል እንዴ?»

ምን ልበላቸው?

«የእርስዎማ ደህና ነበር፣ አያ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን።»