ሳህን የተደፋበት መስታወት

እንደ ተማረ ሰው እጁን ሰብስቦ መቀመጥ የሚያቅተው የለም። አትቆጡኝ... የማማው ራሴን ነው።

ኮተቤ፣ የእንጦጦ ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ ሰተት ብሎ የሚገባበት አንድ ላቦራቶሪ አለ። እዚያ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የምሠራው ይኸውላችሁ፦ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የፕላስቲክ ፍሬዎች ያሉበትን ውሃ ብጣሽ መስታወት ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ውሃው ቀስ ብሎ ሲደርቅ ፍሬዎቹ ማንም ሳይነካቸው ጎን ለጎን ይሰለፉና ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ሰልፉ ካማረ መስታወቱ የቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል። ካላማረ የደረቀ የሳሙና አረፋ ነው። የእኔ ድርሻ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ያቃተኝም እሱ ነው።

አማካሪዬ ቁርጡን ነግረውኛል። "አርብ አንድ ደህና መስታወት ካላሳየኸኝ ምረቃህን ለከርሞ አድርገው።"

ሐሙስ ጠዋት ስድስት መስታወት ደረደርኩ። የመጀመሪያውን ቶሎ እንዲደርቅ እፍ አልኩበት። ሁለተኛውን ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ሦስተኛውን በስልኬ መብራት ላየው ጎንበስ ስል አስነጠሰኝ... የአራተኛውንና የአምስተኛውን ነገር ተዉት። ስድስተኛው ብቻ ቀረ፤ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ፈሳሽም አልቋል።

ክፍሉን የሚያጸዱት እትዬ ዘነበች መጥረጊያቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆይተዋል።

"ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው የምትንቆራጠጠው?"

"ፍሬዎቹ እስኪሰለፉ ነው እትዬ። ልክ እንደ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ።"

"ሰልፍ የሚበላሸው 'እስቲ ልይ' እያለ በሚወጣ ሰው አይደል?"

"አዎ..."

"በል ሂድ ምሳህን ብላ።"

ስመለስ መስታወቱ የለም። በቦታው የእትዬ ዘነበች የምሳ ሳህን ተደፍቷል።

"አቧራ እንዳይገባበት ከደንኩት" አሉኝ።

"ትንሽ ገለጥ አድርጌ ልየው?"

ክንዴን ይዘው አስወጡኝ፣ በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። እኔም ነጭ ጋወኔን እንደለበስኩ አያት ሰፈር ቤቴ ድረስ በታክሲ ሄድኩ። ረዳቱ ሐኪም መስዬው ስለ ወገብ ሕመሙ አማከረኝ።

አርብ ጠዋት አማካሪዬ ሳህኑን አነሱት። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ... ዕንባዬ መጣ።

"እንዴት አድርገህ ሠራኸው?"

ጉሮሮዬን ጠራርጌ ስለ እርጥበትና ስለ ሙቀት ልተነትን ስል፣ እትዬ ዘነበች ከበሩ ሆነው ቀደሙኝ።

"አስወጥቼው ነው።"

አማካሪዬ አልሳቁም። እስክሪብቶ አውጥተው የአሠራር ምዕራፌ ላይ በገዛ እጃቸው ጨመሩበት፦ "ናሙናው በሚደርቅበት ጊዜ ተመራማሪው ከክፍሉ እንዲወጣ ተደርጓል።"