ለጥሩነሽ የሚጻፈው ቼክ

ሰውን ትቶ ወረቀት የሚያምን የባንክ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ታቦር አግኝቼዋለሁ። ሐሙሲት ትኖር ለነበረች እህቴ ለጥሩነሽ፣ በየወሩ ከደብተሬ እየቀነሱ ቼክ እንዲጽፉላት በአውራ ጣቴ ፈርሜ ነበር። ስትሞትብኝ ተዝካሯን አውጥቼ ላስቆመው ሄድሁ።

«እማማ፣ አሻራዎ ከድሮው አልገጥም አለ።»

«ጣቴን እንዝርት በልቶት ነው እንጂ እኔው ነኝ፣ ልጄ።»

«ወረቀቱ አንቱን አያውቅም። ሁለት ምስክር ያምጡ።»

ሲከፍል ያወቀኝ ወረቀት ሲያቆም ይክደኛል? ጉድ እኮ ነው! ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ፣ የወሩን ቼክ አውጥቶ አነበበልኝ፤ «ለወይዘሮ ጥሩነሽ ይከፈል።»

ከቀብሯ ወዲህ «ነፍሷን ይማር» ሳይል ስሟን የጠራ አልነበረም።

«እስቲ ድገምልኝ» አልሁት።

ደገመልኝ። ምስክሮቹን እስከ ዛሬ አልወሰድሁለትም።