አማቼና የቀኙ የፊት ጎማ

በየቤተሰቡ፣ ማንም ሳይጠራው የመኪና ኮፈን የሚከፍት አንድ ሰው አለ። የእናንተ ቤተሰብ ውስጥ ከሌለ ወይ መኪና የላችሁም፣ ወይ ሰውየው ራሳችሁ ናችሁ።

እኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክቡር አማቼ፣ የባለቤቴ አባት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል፤ ወሬያቸውን የሰማ ግን ጡረታ የወጡት ከሞተር ፋብሪካ ይመስለዋል። የራሳቸውን መኪና ከሸጡ ወዲህ የእኔን እንደ ልጅ ልጅ ነው የሚያሳድጓት። በራቸው ላይ ስደርስ ሰላም ከማለታቸው በፊት አንገታቸውን ዘመም አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ ፍርዱ ይሰማል።

"አልወደድኩትም።"

ምኑን እንዳልወደዱት ለማወቅ ምሳ እስኪበላ መታገስ ግድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሲሳሳቱ ለጉድ ነው። አንድ ጊዜ "ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ሊል ነው" ብለው ቤቱን በሙሉ አስደነገጡ፤ የሚንኳኳው ከወንበር ሥር የሚንከባለል የውሃ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። የጎረቤታቸው መኪና አልነሳ ሲል ደግሞ ባትሪውን አስወልቀው ሲያጸዱ ዋሉ። ለካስ ነዳጅ አልቋል። ይህ ሲነገራቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተነቃነቀም፤ "ቢሆንም ባትሪው መጽዳት ነበረበት" አሉ።

እናም ፍሬን ስይዝ የመኪናዬ መሪ ወደ ግራ መሳብ፣ ከፊት ጎማውም ሲር ሲር የሚል ድምፅ መውጣት ሲጀምር ለእሳቸው ላለመንገር ወሰንኩ። የፍሬን ሸራውን ጋራዥ ካስቀየርኩ ገና ብዙም አልቆየሁም። ነገር ግን ቅዳሜ ባለቤቴ በዚሁ መኪና ልጆቹን ይዛ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። መንገዱም ረጅም ቁልቁለት ነው። አርብ አባቷ ቤት ውላ ስለነበር ልወስዳት በራቸው ላይ ስቆም ሽማግሌው ብቅ አሉ።

"አልወደድኩትም" አሉ። ምሳም አልጠበቁም። "ክሪኩን አውጣ።"

ወደ ግራ ስለሚስብ ጥፋቱ የግራው ጎማ ነው ብለው እሱን አስፈቱኝ። ሁለቱም ሸራዎች እኩል፣ ደህና ናቸው። አማቼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይህን ለማረጋገጥ ነው" አሉ።

የቀኙን ስንፈታ ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። በውጭ በኩል ያለው ሸራ አዲስ ነው ለማለት ይቻላል። በውስጥ በኩል ያለው ግን አልቆ አልቆ ብረቱ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ሊነካ ምንም አልቀረው።

"እግርህ ከባድ ነው፤ ፍሬን ላይ ትቆማለህ" አሉኝ።

"አባባ፣ የእግሬ ክብደት ቢሆን ሁለቱንም እኩል ይበላቸው ነበር።"

ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። ሁለቱን ሸራዎች በሁለት እጃቸው ይዘው ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው በአውራ ጣታቸው ደባበሷቸው።

"ሱሪ አንድ ጉልበቱ ብቻ ቢያልቅ ጨርቁን አትወቅስም" አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። "ሰውየው የሚያነክስበት ምክንያት አለው።"

ከዚያ ሸራዎቹን የሚይዘውን ካሊፐር ወዘወዝነው። ፍሬን ሲያዝ በሁለት ዘንጎች ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት። አንደኛው ዘንግ በጣት ይንቀሳቀሳል። ሌላው ንቅንቅ አይልም፤ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ ውሃ ገብቶበት ዝጓል። ካሊፐሩ ስለማይንሸራተት የውስጠኛው ሸራ ብቻውን ይፋተጋል፤ የቀኙ ጎማ በደንብ ስለማይይዝም መኪናዋ ወደ ግራ ትሄዳለች። ጋራዡ አዲስ ሸራ ገጥሞ ዘንጉን ሳያየው ሸኝቶኛል።

ዘንጉን በመፍቻ እያዞርን፣ ዘይት እያጠጣን በስንት መከራ አወጣነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈትገን አጸዳነው፤ ሙቀት የሚችል ግሪስ ቀብተን፣ መለዋወጫ ሱቅ ሮጬ ባመጣሁት አዲስ ሽፋን መለስነው። በጣቴ ስገፋው ሸርተት አለ። ለሁለቱም የፊት ጎማዎች አብሬ የገዛሁትን አዲስ ሸራ ገጠምን። ጋቢና ገብቼ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሜ ረገጥኩ።

"በሉ ይግቡ፣ ቁልቁለቱን እንሞክረው" አልኩ።

በሩን ከፈቱ። "ውረድ።"

"አብረን እንሂድ እንጂ፣ አባባ።"

"ውረድ አልኩህ! አንተ ልጆች አሉህ።"

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። መኪናዋ ከቤቱ በታች ወዳለው ቁልቁለት ተንሸራትታ ኩርባው ጋ ተሰወረች። ቆሜ ጆሮዬን ቀሰርኩ። ጎማው ድንጋይ ሲያንኳኳ፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም ሰማሁ። ከዚያ ምንም። ለስንት ዓመት እኚህ ሰው መኪናዬን የሚያዳምጡት ዕውቀታቸውን ለማሳየት ይመስለኝ ነበር። ለካስ ሰው የሚወደው የተሳፈረባትን መኪና የሚያዳምጠው እንዲህ ነው። ዝምታው ሲረዝምብኝ ቁልቁል ሮጥኩ።

ኩርባው ላይ ተገናኘን፤ ቀስ ብለው ሽቅብ እየመጡ ነው። አቁመው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

"የት ጠፉ?" ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ በአማቼ ላይ ጮኼ አላውቅም። "ቀበቶ እንኳ አላሰሩም! ባይዝስ ኖሮ?"

"ታች ድረስ ወርጄ አራት አምስቴ ሞከርኩት። ቀጥ አድርጎ ይይዛል" አሉ። አተኩረው አዩኝ። "ፈራህ እንዴ?"

"ለመኪናዋ ነው።"

እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉት፤ ሸሚዜ ላይ አምስት የግሪስ ጣቶች ታተሙ።

ቅዳሜ ሚስቴና ልጆቼ ደህና ሄደው ደህና ተመለሱ። ባለቤቴ ያንን ሸሚዝ ለወለል መወልወያ ልታደርገው ስትል ከእጇ ወስጄ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቀልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። አባቷ ጆሮ ከደረሰ ግሪስ ከልብስ እንዴት እንደሚለቅ ሲያስረዱኝ ይመሻል።