ሕንፃችንን ያቋረጠው መስመር

ስብሰባ የምንወድ ሰዎች ነን፤ አትካዱኝ። ሦስት ሆነን አሳንሰር ውስጥ ብንገባ አንዱ ሊቀመንበር፣ አንዱ ጸሐፊ ይሆንና ሦስተኛው ተቃዋሚ ሆኖ ይወርዳል። እኔም ያው ነኝ። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ስቁነጠነጥ እውልና፣ የቀረሁ ዕለት ደግሞ ምን አመለጠኝ እያልኩ ቤቴ ውስጥ እንቆራጠጣለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ቶሮንቶ ውስጥ የመረዳጃ ማህበር ባቋቋምን ማግስት ነው። ከተማዋ በቀጠና ትከፈል፣ እያንዳንዱ ቀጠና አንድ የኮሚቴ አባል ይምረጥ ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ጣጣው የመጣው ካርታና እርሳስ ሲቀርብ ነው። ቀድመን የመጣነው «ነባሮች» እንባላለን፤ በቅርብ የመጡት «አዲሶች»። አዲሶቹ የሚበዙት እኔም በምኖርበት በፍሌሚንግደን ፓርክ የኪራይ ፎቆች ነው። እኛ ፎቆቹን በሙሉ በአንድ ቀጠና ጠቅልለን አንድ ወንበር ብቻ ልንሰጣቸው አሰብን። እነሱ ደግሞ ፎቆቹን ሰንጥቀው ግማሹን በከተማዋ ምሥራቅ ወዳለው ስካርቦሮ፣ ግማሹን በምዕራብ ጫፍ ወዳለው ኢቶቢኮ ወስደው ሁለት ወንበር ሊያገኙ አሰቡ። ኢቶቢኮ ከእኛ ሰፈር ስንት አውቶቡስና ባቡር እንደሚያስቀይር የሚያውቅ ያውቀዋል።

የአዲሶቹ መስመር አስማሪ ሙላት ነበር። ኤርፖርት አካባቢ መጋዘን የሚሠራ፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ የሚኖር፣ ቀጥ ያለ መስመር የማይወድ ሰው። የሱ መስመር የገዛ ሕንፃችንን አቋርጦ እኔን ስካርቦሮ፣ ራሱን ኢቶቢኮ አደረገ። እሁድ በእሁድ ላይ እየተጨመረ ስንጨቃጨቅ ከረምን።

በዚህ መሃል የሙላት እናት ደሴ ማረፋቸው ለጸሐፊያችን ተደወለ። በደንባችን መሠረት መርዶ የሚያረዱት የቀጠናው ሽማግሌዎች ናቸው። የየትኛው ቀጠና? የኢቶቢኮዎቹ ከሄዱ የአዲሶቹ መስመር ጸደቀ ማለት ነው፤ የፍሌሚንግደኖቹ ከሄዱ የእኛው። አንዱ ወገን ሌላውን አላስኬድ አለ። በመጨረሻ «ካርታው ይጽደቅና ይረዳ» የሚል ሐሳብ ቀረበና ሁሉም እፎይ አለ። ሐሳቡን ያቀረበው ማነው ትሉኛላችሁ። እኔ ነኝ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሙላት አሳንሰር ውስጥ ሰላም ሲለኝ እኔ የፎቆቹን ቁጥሮች አያለሁ። ቢጨንቀኝ ለሐጂ ኑሩ ነገርኳቸው። የሕንፃችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ የስብሰባ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።

«እስካሁን ዝም ብላችሁ?» አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ቅዳሜ ማለዳ በሩን ስናንኳኳ ሙላት ጥቁር ሹራብ ለብሶ፣ ጺሙን አሳድጎ ከፈተልን። ሐጂ አስቀምጠው በወጉ አረዱት። እሱ ግን አልደነገጠም።

«አውቃለሁ፤ ሥራ ቦታ አንዱ አፉ አምልጦት ነግሮኛል» አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«ሰው ራሱን ያረዳል እንዴ? የሚመጣ ሰው ስጠብቅ ነበር።»

ይህን ብሎ፣ ገና አሁን እንደሰማ ሰው፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እናቱን እየጠራ አለቀሰ። እኔ መግቢያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ወሬው እንደተሰማ ነባር አዲስ ሳይባል ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ድስት ያልያዘ አልመጣም። ለሳምንት ያህልም ተራ በተራ አብረነው አመሸን።

በቀጣዩ እሁድ ስብሰባ ጸሐፊያችን መዝገቡን ገልጦ፣ መርዶው በየትኛው ቀጠና ስም ይመዝገብ ሲል ጠየቀ። የተረዳው ኢቶቢኮ ነው ያለ ተነሳ፤ ያረዳው ፍሌሚንግደን ነው ያለ ተነሳ። ካርታው እንደገና ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ።

ሙላት ጥግ ላይ እንደተቀመጠ፣ ቀስ ብሎ፣ «እናቴን ከካርታው አውጡልኝ» አለ።

ከኋላ አንዱ ተነሳና፣ ሐሳቡ ድምፅ ይሰጥበት አለ።

ተሰጠበት። በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።