ደህና ነኝ ባዩ ሰርቨር

ሰላምታ የማይጠግብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የኛ ሳምሶን እንዲያ ነው። እዚህ ጅቡቲ፣ በምሠራበት የትራንዚት ቢሮ፣ ኮምፒውተሮቹን የሚከታተለው እሱ ነው። ጠዋት ካገኛችሁ የእናንተን፣ የልጆቻችሁን፣ የአየር ማቀዝቀዣችሁን ጤና ሳይቀር ሳይጠይቅ አይለቃችሁም።

ታዲያ ዋናው ኮምፒውተራችን፣ ሰርቨሩ፣ ውሎውን የሚጽፍበትን ሎግ አስተካክል ሲባል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው?

«ችግር ሲኖር ብቻ ይጻፍ» አልነው።

«ሰው የሚጠየቀው ሲታመም ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣን። ሰርቨሩንም በየሴኮንዱ «ደህና ነኝ» እያለ እንዲጽፍ አደረገው።

አንድ ቀን፣ እንደ ከተማው ሁሉ የቀትር እንቅልፋችንን ተኝተን ስንመለስ፣ ሰርቨሩ ቀጥ ብሏል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ወረቀታቸው አልወጣ ብሎ ፀሐይ ላይ ይጮኻሉ። ሳምሶን ከፍቶ ቢያይ፣ ዲስኩን እስከ አፍ ገደፉ የሞላው ያው ሎግ ነው። የመጨረሻው መስመር እንኳ «ደህና ነኝ» ይላል።

«እየሞተ ደህና ነኝ የሚል ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?» አለ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ስልኩ ጠራ። እናቱ ናቸው፣ ከድሬዳዋ።

«ደህና ነኝ እማዬ» አለ ሳምሶን። «ምን እሆናለሁ?»