ሦስት መቶ ቀዳዳ

(ወልቂጤ፣ 1963 ዓ.ም.። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ ፈረንጆቹ ጎልፍ የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ሰይዶ የሜዳው ጠባቂ ነው፤ የመስቃን ሰው፣ ዝግ ያለ፣ ቢሮው ሁሉ ሞኝ የሚለው። አቶ ሽባባው ከጎጃም የመጡ የካምፑ ጸሐፊና አስተርጓሚ ናቸው። የካምፑ አለቃ፣ ፈረንጁ ኢንጂነር፣ አዲስ አበባ ሁለት ወር ሰንብቶ ዛሬ ይመለሳል። ሰይዶ ኳሷ በምትገባበት ክብ ሣር ላይ ተንበርክኮ መሬቱን በፌሮ ቁራጭ ይወጋል።)

ሽባባው፦ ስንት ነው አልኩህ?

ሰይዶ፦ እስከ ሦስት መቶ ቆጥሬ ተውኩት።

ሽባባው፦ እያንዳንዱ ክብ ሣር ያለው አንድ ቀዳዳ ነው! አንድ! ፈረንጁ የቱን ብሎ ይምታ?

ሰይዶ፦ በዚህ ኳሷ አትገባም፣ ጌታዬ። ውሃው እንዲወርድ ነው።

ሽባባው፦ ውሃማ በቀን ሦስት ጊዜ አስጠጣዋለሁ።

ሰይዶ፦ እሱ ነው ያመመው።

ሽባባው፦ ሣር ይታመማል?

ሰይዶ፦ እስቲ ይርገጡት።

(ሽባባው ይረግጣሉ። ጫማቸው ስምጥ ይላል።)

ሽባባው፦ ፍራሽ በለው! ይኸው ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ፍግ ያስበተንኩበት።

ሰይዶ፦ ፍራሽ ለመኝታ ነው። ኳሷም እዚህ ስትደርስ ትተኛለች።

ሽባባው፦ ደክሟት ነዋ፤ ከሩቅ ነው የምትመጣው።

(ሰይዶ በቢላ አንድ ቁራጭ ሣር ቆርጦ ያወጣል። ላዩ አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ አራት ጣት የሚሆን ቡናማ ነገር እንደ ምንጣፍ ተጠቅጥቋል።)

ሽባባው፦ እንዴት ያለ ለም አፈር!

ሰይዶ፦ አፈር አይደለም። የሞተ ሣርና ሥር ነው፤ ሳይበሰብስ በላይ በላዩ ተከምሮ። ፍግ ሲበዛበት ቶሎ ቶሎ ይበቅላል፣ ቶሎ ቶሎ ይሞታል። ውሃ አያሳልፍ፣ አየር አያስገባ። ያሽትቱት።

ሽባባው፦ (አሽትተው) ኮምጥጧል።

ሰይዶ፦ ቆጮም ይኮመጥጣል፤ እሱ ግን ይበላል።

ሽባባው፦ ኢንጂነሩ ሣር ሊበላ ነው የምትለኝ?

ሰይዶ፦ ወላሂ፣ አልወጣኝም!

ሽባባው፦ ይመዘገባል። ይህ የከመርከው አሸዋስ?

ሰይዶ፦ በየቀዳዳው ልሞላው ነው። ገልባጭ መኪናው አሸዋ ያፈሰሰበት ቦታ፣ የመንገዱ ዳር፣ ሣሩ ጠንክሯል፤ ውሃም አይተኛበትም። እሱን አይቼ ነው።

ሽባባው፦ መኪና ያፈሰሰውን አይተህ የኢንጂነር ሥራ ትሠራለህ?

ሰይዶ፦ ሌላ የሚያሳየኝ አጣሁ።

(ሽባባው ቢሮ ገብተው ለኢንጂነሩ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ታይፕ አድርገው ይመለሳሉ። ሰይዶ አሸዋውን መሙላቱን አላቆመም፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ግን ገብቶታል። ቤቱ ሚስቱ ዘይባና አራት ልጆች አሉ። ከዚህ ቢባረር ሌላ እንጀራ የለውም።)

ሽባባው፦ በኋላ አልሰማሁም እንዳትል በአማርኛ ላንብብልህ። «አንደኛ፦ ሜዳውን የበሳውና አሸዋ ያለበሰው ሰይዶ ብቻውን ነው፤ እኔ የለሁበትም። ሁለተኛ፦ ፍጉን ያስበተንኩትና ውሃውን ያስጠጣሁት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ሰይዶ እየተቃወመኝ።»

ሰይዶ፦ አንድም አልዋሹ።

ሽባባው፦ እኔ ሰው አልበድልም።

(ጂፕ ይቆማል። ኢንጂነሩ ደብዳቤውን ተቀብሎ ያነባል። ይንበረከካል፤ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ይከታል፤ የተቆረጠውን ሣር አንስቶ ያሸታል። ከዚያ ብዙ ይናገራል።)

ሰይዶ፦ ምን አለ?

ሽባባው፦ ደህና ዋልክ ወይ ነው።

ሰይዶ፦ ያ ሁሉ?

ሽባባው፦ በቋንቋቸው ይረዝማል።

(ኢንጂነሩ የሰይዶን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ይነቀንቃል። ሩቅ ሩቅ ያሉትን ሌሎቹን ክብ ሣሮች እያሳየ ይናገራል።)

ሰይዶ፦ አባረረኝ?

ሽባባው፦ (ጉሮሯቸውን ጠርገው) የቀሩትን ስምንቱንም እንደዚሁ ብሳልኝ ይላል። የሚያግዙህን ሰዎች አንተው ምረጥ ይላል።

ሰይዶ፦ አልሐምዱሊላህ!

(ኢንጂነሩ ወደ ሽባባው ይዞራል። ፊቱ ቀልቷል። ደብዳቤው ላይ አንድ ቦታ በጣቱ እየመታ ይጠይቃል። ሽባባው ጎንበስ ብለው ያነባሉ።)

ሰይዶ፦ አሁንስ?

ሽባባው፦ ሁለተኛው ላይ የታይፕ ስህተት አለ ወይ ነው የሚለው።

ሰይዶ፦ (አዝኖላቸው) አለ ይበሉት፣ ጌታዬ። ፍጉን የበተንኩት እኔ ነኝ ይበሉት፤ ዛሬ እኔን አይቆጣኝም።

ሽባባው፦ አይሆንም።

ሰይዶ፦ ለምን?

ሽባባው፦ ከታች «ሁለት ጊዜ አንብቤ ስህተት እንደሌለበት አረጋግጫለሁ» ብዬ ፈርሜበታለሁ።

(ኢንጂነሩ ጣቱን ወደ ፊርማው ያወርዳል።)

ሽባባው፦ ማኅተምም መትቼበታለሁ።