ሁለቱ ካርዶችና የአስቴር መቀናጆ

እኔ ከቤት ስወጣ ሁለት እስክሪብቶ እይዛለሁ። ሁለት ስልክ፣ ሁለት መሀረብ፣ ሰማዩ ከጠቆረ ደግሞ ሁለት ዣንጥላ። «ያለህ አንድ ራስ፤ ሁለት ዣንጥላ ምን ያደርግልሃል?» ትለኛለች ባለቤቴ። ልክ ናት። ግን አንዱን ንፋስ ቢገለብጠውስ? የጂንካን ዝናብ ማን ያምነዋል?

ይህ አመል ዝም ብሎ አልመጣብኝም። ሥራዬ ቪዲዮ መቅረጽና ማቀናበር ነው። ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ጂንካ ውስጥ ያገባ ሰው ካለ፣ ወይ እኔ ቀርጬዋለሁ፣ ወይ ተደብቆ ነው ያገባው። ታዲያ አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጡ እንግዶች ኮልቾ ይዘውኝ ሄዱ። ኮልቾን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መንደሩ ከላይ ነው፤ ኦሞ ከታች ተጠማዝዞ ያልፋል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ወንዙ ሌላ ነገር ሆነ። እንግዶቹ «አሁን!» አሉኝ። ካሜራዬን ደግኜ ቁልፉን ስጫን ባትሪው አለቀ። ሌላ ባትሪ አልነበረኝም።

እንግዶቹ እኔን አዩ፣ እኔ ካሜራውን አየሁ። አጠገባችን የቆሙ የመንደሩ ሽማግሌ ደግሞ ሁላችንንም አዩን። በአስተርጓሚ «አትዘን፣ ወንዙ ነገም አለ በለው» አሉኝ። ወንዙ ነበረ። እንግዶቹ ግን በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ የሚባል ቁጥር አላምንም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውን ተረት ሰው ሲጠቅሰው እሰማለሁ፤ እኔ ግን እኖርበታለሁ።

እንግዲህ በዚህ አመሌ ላይ ነው የግራፊክስ ካርድ ነገር የመጣው።

አንድ ቀን ጋሽ ማቴዎስ ወደ ስቱዲዮዬ መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ግማሹን ከተማ ሀሁ ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። በፌስታል የተጠቀለለ የድሮ ቪዲዮ ካሴት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ልጃቸው ምሕረት ከወር በኋላ ልታገባ ነው። እናቷ ታደለች የሞተችው ምሕረት ገና መራመድ ሳትጀምር ነበር። ካሴቱ ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ሲዘምሩ ነው፤ ታደለችም አለችበት። ምሕረት የእናቷን መልክ የምታውቀው ከአንድ የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ብቻ ነው። መታወቂያ ላይ ደግሞ ማን ይስቃል? «ልጄ እናቷን አንድ ቀን ሕያው ሆና ትያት፤ ለሠርጓ ይድረስልኝ» አሉኝ።

ካሴቱን አጫወትኩት። ምስሉ መስመር በመስመር ሆኗል፣ ቀለሙ ሄዷል። ታደለች ሁለተኛው ረድፍ ላይ ትታያለች፤ መሐል ላይ ወደ ፊት ወጥታ አንድ አንጓ ብቻዋን ትዘምራለች። ያ የእሷ ቦታ ነው። ፊቷ ግን ውሃ የነካው ደብዳቤ መስሏል። ጽሑፍ እንዳለበት ታውቃለህ፣ ልታነበው አትችልም።

ደግነቱ ዘንድሮ እንዲህ ያለውን ምስል የሚያጠራ ፕሮግራም አለ። ችግሩ ፕሮግራሙ ብርቱ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ግራፊክስ ካርድ ማለት ለማያውቅ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ምስል የሚያበስለው ምድጃ በሉት። የእኔው ምድጃ አርጅቷል። በእሱ ብጀምር የሚያልቀው ለምሕረት ልጅ ሠርግ ነበር። ስለዚህ መግዛት አለብኝ። በያዝኩት ብር ወይ አንድ ብርቱ ካርድ ይገዛል፣ ወይ ሁለት መካከለኛ። የቱን?

ጂንካ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወሰደው ወደ አስቴር ነው። አስቴር ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር ትጠግናለች። የአሪ ገበሬ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ልጆች ብዙም አይርቅም። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመኔ እንደሷ ያለ ባለሙያ አላየሁም፤ ይህን ፊቷ ባልናገረውም እዚህ እናገራለሁ። የተበላሸ ኮምፒውተር ስታመጡላት ወዲያው አትፈታም። ታበራውና ጆሮዋን አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠዋለች። ደንበኞች የምትጸልይ ይመስላቸዋል። «አሜን» ያለ ሰው አውቃለሁ።

ጥያቄዬን ነገርኳት። «ጋሼ፣ ሥራው ምንድነው?» አለችኝ።

ሥራው ምን አገባው? እኔ የጠየቅኩት ስለ ካርድ ነው። እሷ ግን ስለ አባቷ ነገረችኝ። አባቷ አንድ ጊዜ በሬ ሊገዙ አልዱባ ገበያ ወረዱ። በያዙት ብር ሁለት ከሲታ በሬ ይገኝ ነበር። እሳቸው አንድ ብርቱ በሬ ይዘው ተመለሱ። እናቷ ተቆጡ። አንድ በሬ ብቻውን ያርሳል እንዴ? አባቷም «የሚያርሰውን በሬ እንጂ የሚቆጠረውን አልገዛም» አሉ። «እና እኔ አንዱን ብርቱ እላለሁ» አለች አስቴር። «ያንተ ፕሮግራም ሁለት ካርድ ማዘዝ የሚችል አይመስለኝም።»

ሰው ምክር የሚጠይቀው ለምንድነው? የወሰነውን እንዲያጸድቁለት አይደል? እኔ አመስግኜ ወጣሁና ሁለት አዘዝኩ።

ምክንያት አልነበረኝም አትበሉኝ። ወደ ዲመካ የሚሄድ ሚኒባስ ያለ ተቀያሪ ጎማ ይወጣል? አይወጣም። መብራት እየሄደ እየመጣ አንዱ ካርድ ቢቃጠልስ? ምሕረት ምን ትሁን? ደግሞ የዚህ አገር ሰው እኮ ሁሉ ነገሩ ሁለት ነው። ቤቱ በአሪኛ ይቆጣል፣ ገበያ ወጥቶ በአማርኛ ይከራከራል፤ ሁለቱም ይሠሩለታል። ሁለት ቋንቋ ባንድ ራስ ከሠራ፣ ሁለት ካርድ ባንድ ኮምፒውተር ለምን አይሠራም? ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። የዣንጥላው ነገር ትዝ ብሏት ይሆናል።

ካርዶቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። የአክስቴ ልጅ መንገዱን ሙሉ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው ያመጣቸው። ጥንድ በሬ ነድቶ ከገበያ እንደሚመለስ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወደ አስቴር ሄድኩ። ሁለቱን አየችና ተቀምጣ ገጠመቻቸው። ኮምፒውተሩ ሲበራ የሁለቱም ማራገቢያ እኩል ዞረ። አጨበጨብኩ።

ፕሮግራሙን አስጀመረችና ትንሽ ቆይታ እጇን ወደ አንዱ ካርድ አስጠጋች። ከዚያ ወደ ሌላው። «አንተም ሞክር» አለችኝ። አንዱ ይፋጃል። አንዱ እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቃዛ ነው።

«አንዱ እያረሰ ነው» አለች አስቴር። «አንዱ ቆሞ ያመሰኳል።»

ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ ካርድ ብቻ ነው። ሁለተኛው መኖሩንም አልሰማም። ስክሪኑ ላይ ሥራው የሚያልቅበት ጊዜ ተጽፏል፤ ከሠርጉ አንድ ሳምንት ያልፋል። ያን ጊዜ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ብሩን አይደለም። ጋሽ ማቴዎስን ምን እላቸዋለሁ? «ልጅዎ እናቷን ከሠርጓ በኋላ ትያት፣ እኔ ተረት ስለምወድ ነው» ልበላቸው?

አስቴር «አላልኩህም?» እስክትለኝ ጠበቅኩ። አላለችም። እኔ ብሆን እላለሁ። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው የምለው።

እሷ መፍቻዋን አንስታ የሚያመሰኳውን ካርድ ነቀለችው። ወደ ራሷ ኮምፒውተር ሄደች፤ እንጀራዋን የምትበላበት፣ የሰው ሥራ የሚጠብቅበት ኮምፒውተር ነው። ከፈተችውና ካርዱን እዚያ ገጠመችው። «ግማሹን አንተ፣ ግማሹን እኔ» አለች። «መቀናጆ ነው ጋሼ። የአባቴ በሬ መች ብቻውን አረሰ?»

መቀናጆን ገጠር ያላደጋችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል። ዛሬ የእኔ መሬት፣ ነገ ያንተ። የአስቴር አባትም የአልዱባውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ጠምደው ነው ያረሱት። ለካ ታሪኩን ስትነግረኝ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። ግማሽ ሰምቶ መሮጥ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው።

ሥራዋን ብታዩት ትወዱላታላችሁ። ዘው ብላ አልጀመረችም። ካሴቱን ብጥስጥስ አድርጋ በትንንሽ ቁራጭ ከፋፈለችው። ለምን? መብራት ሲሄድ የሚጠፋው እየተሠራ ያለው አንድ ቁራጭ ብቻ እንዲሆን። በደብተር ላይ ቁራጮቹን በተራ ጻፈች፤ ያለቀው ላይ መስመር ታሰምራለች። መብራት ሄደ፤ እኔ እራገማለሁ፣ እሷ ምሳዋን ትበላለች። መብራት መጣ፤ ደብተሯን አይታ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መብራት በቀን ሦስቴ የሚሄድበት ከተማ ያሳደገው ብልሃት ነው። ማንም መጽሐፍ አላስተማራትም።

ከዚያ የታደለች አንጓ ደረሰ። እኔ ቸኩያለሁ። «ማጥሪያውን እስከ መጨረሻው ልቀቂው» አልኳት። ለቀቀችው። ፊቷ ወጣ። ምን ልበላችሁ፣ እንደ መስታወት የጠራ፣ ጥርሷ እንደ በረዶ የተደረደረ፣ ቆንጆ ሴት። «ይኸው!» አልኩ። ካርዶቹን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

አስቴር የመጀመሪያውን፣ የደበዘዘውን ምስል አጠገቡ አደረገች። «ጋሼ፣ እዚህ ጥርሷ መሐል ጥላ አለ። ምሕረት ፍንጭት አይደለችም?»

ናት። የቀለበቷን ቀን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ስትስቅ ፍንጭቷ ከሩቅ ይታያል። ኮምፒውተሩ ጥላውን ቆሻሻ ነው ብሎ ደፍኖታል። የሌለ ጥርስ አብቅሎ፣ የሌለች ሴት ሠርቶልን ነበር። እኔ ያቺን ሴት ላስረክብ ነበር። አስቴር ማጥሪያውን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችው። ምስሉ ትንሽ ደበዘዘ፤ ፍንጭቷ ተመለሰች። «ብዥ ትበል ግድ የለም» አለች፤ «የራሷን እናት ትይ።» ካርድ መምረጥ የሚችል ሰው ሞልቷል፤ ማቆም የሚችል ሰው ግን አስቴርን ነው ያየሁት።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራው አለቀ። እኔም ነፍሴ መለስ ሲልልኝ ጉራዬ አብሮ ተመለሰ። «አየሽ? ሁለት ባልገዛ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» አልኳት። አስቴር ደብተሯን እየዘጋች «አንዱን ብርቱ ብትገዛ ኖሮ ባለፈው ሳምንት ያልቅ ነበር» አለች። «እነዚህን ያሠራቸው መለያየታቸው ነው።» እውነት ነው፤ ግን ይህን ለሙሽሮች አትንገሩ።

የሠርጉ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ተወጠረ። ታደለች ከረድፏ ወጥታ ወደ ፊት መጣች፤ ዘመረች፤ ስትጨርስ ሳቅ አለች። ምሕረት አላለቀሰችም። እጇን ወደ አፏ አንስታ የራሷን ጥርስ ነካች፣ ዓይኗን ግን ከጨርቁ አልነቀለችም። አስቴርን ከኋላ ቆማ አየኋት፤ ጫማዋን ነበር የምታየው። እኔ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

ከዚያ ምስጋናዬን ልቀበል ወደ ጋሽ ማቴዎስ ዞርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጭራሽ አንገታቸውን ደፍተዋል። ምስሉን ጠሉት ማለት ነው? ሰዉ ሲነሳ ተጠግቼ «ጋሽ ማቴዎስ፣ ምስሉ አልጠራም እንዴ?» አልኳቸው።

«ጠርቷል ልጄ፣ ተባረክ» አሉኝ። «ምስሉ የምሕረት ነው። እኔ መልኳን መቼ ረሳሁና። የጠፋኝ ድምፅዋ ነበር።»

ድምፁን እኔም አስቴርም አልነካነውም። ካሴቱ ላይ እንዳለ ነው ያለፈው። ለድምፅም እኮ ኮምፒውተር ውስጥ ካርድ አለ። አንድ ነው። ማዘርቦርድ በሚሉት ዋና ሰሌዳ ላይ ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ የቱ ይሻላል ብሎ ጂንካ ላይ የተከራከረበት ሰው እስካሁን አልሰማሁም።